ጣት የቦረቦረው ዞጲ

መዓለም ወዲዕ ፈርኩህ፣ በሠፈሩ አጠራር አቡ ኢስበር፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በመጋቢት ወር ከአባታቸው ከአቶ ኢስበር ፈርኩህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርዴ ሐዳድ በደማስቆ ከተማ፣ ከምሥራቁ በር አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ሣጥንና ወንበር ላይ ዛጎል እየለበጡ የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ፤ እናታቸው የሠፈሩን ሙሽሮች ልብስ ይሰፉ ነበር። በዚያው ሳምንት ከግድግዳው ወዲያ ባለው ቤት ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እሱም ነሲብ ቆዝማ ነው። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ቀን፣ በአንድ ካህን እጅ ተጠመቁ። ነሲብ ቀድመው ስለገቡ ውኃው ለወዲዕ በርዶ ጠበቃቸው። ወይዘሮ ወርዴ ይህን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያወሩት፣ ልጃቸውም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲቀየሙበት ኖረዋል።

የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ይህ ቅናት እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጃቸውን ሰልማን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ደግ ነበሩ፣ ትሑት ነበሩ እያላችሁ ሰው አታስቁብኝ፤ የነሲብን ነገር ጻፉት» ብለዋታል። ቤተሰቡም ቃላቸውን ጠብቋል።

ትምህርታቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብና በሥዕል ጎበዝ ነበሩ፤ በድርሰት ግን እንዳልነበሩ አይሸሽጉም። በቤተ ክርስቲያናችን ዝማሬ የሚቀርበው በቀኝና በግራ በሚቆሙ ሁለት ጓዶች ነው፤ መሪው ያለው በቀኙ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በግራው ጀመሩ። ከዓመት በኋላ ነሲብ ወደ ቀኙ ተዛወሩ። ወዲዕ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ እያነሱ ወደ ማዶ ስለሚያፈጡ፣ መሪው አቶ ኢስበርን አስጠርተው ልጁ የማየት ችግር እንዳለበት ጠይቀዋል።

ኡድ የተባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መማር የጀመሩት በ1946 ነው። አስተማሪያቸው አቡ ዘኪ የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ተማሪዎቻቸውን ከትልቁ መስተዋት ፊት አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ነሲብም እዚያው ይማሩ ነበር። ተማሪው ጣቱን በመስተዋቱ ውስጥ እያየ ስለሚለማመድ፣ ወዲዕ ከራሳቸው ጣት ይልቅ የጓደኛቸውን ጣት አጠኑ። አቡ ዘኪ፣ የወዲዕ ጣት አይሳሳትም፣ የነሲብ ጣት ይደፍራል እያሉ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ያመሰግኑ ነበር። ወዲዕ የሰሙት ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በ1952 የሬዲዮው የሙዚቃ ጓድ አዲስ ተጫዋቾች ሲፈልግ ሁለቱም ለፈተና ቀረቡ። ነሲብ ተቀጠሩ፤ ወዲዕ አልተቀጠሩም። ፈታኞቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አጨዋወታቸው ንጹሕ መሆኑን ነግረዋቸው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው እንዲመጡ መከሯቸው። አልተመለሱም። በአገራችን ተጫዋች «ኡስታዝ» ይባላል፤ የእጅ ባለሙያ ደግሞ «መዓለም» ይባላል። ሁለቱም የክብር ስሞች ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አያንስም። ይህን ግን ለመዓለም ወዲዕ ማስረዳት የቻለ ሰው አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ኡድ ከሚሠሩት ከመዓለም ቶፊቅ ዘኸር ዘንድ ገቡ። በዚያ ቤት ሁሉን ነገር ተማሩ፤ ጎድጓዳውን ሆድ ከቀጫጭን ጣውላ ማጉበጥ፣ ፊቱን ማልበስ፣ አንገቱን መትከል ቻሉ። እጃቸው የተዋጣለት ግን በጣት ገበታ ላይ ነው። የኡድ አንገት ላይ፣ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን በሚጫኑበት በኩል፣ ዞጲ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተላገ ጥቁር ገበታ ይለጠፋል። ጊታር ላይ እንዳለው የጣትን ቦታ የሚያሳይ ብረት የለውም። ልሙጥ ነው፤ እያንዳንዷን ድምፅ ፈልጎ የሚያገኛት የተጫዋቹ ጣት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጣትና ክር እንጨቱን ይበሉታል፤ ተጫዋቹ አብዝቶ የሚያርፍበት ቦታ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ክሩ እንደ ዝንብ መጮህ ይጀምራል። ያኔ ባለሙያው በፒያላ ይልገዋል፤ መላግ የማይችል ሆኖ ሲሳሳ ደግሞ ነቅሎ አዲስ ይለጥፋል። መዓለም ወዲዕ ሲልጉ እንጨቱን በዓይናቸው አያዩትም ነበር። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያሉ፣ በአውራ ጣታቸው ብቻ ይሠሩ ነበር። በ1960 ቅን በሚባለው መንገድ ላይ የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ ከሐለብና ከቤሩት ሳይቀር ኡድ ይመጣላቸው ጀመር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ከወይዘሮ አፊፋ ሰሩፍ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በሠርጉ ላይ ኡስታዝ ነሲብ ሳይጠሩ መጥተው፣ ሳይለመኑ ተጫወቱ። እንግዶቹ ለዓመታት የሚያወሩት ስለዚያ ጨዋታ ነው። ሙሽራው ይህን ሲያነሱ ወይዘሮ አፊፋ አያጽናኗቸውም፤ እኔም ራሴ ከሠርጌ የማስታውሰው እሱን ነው ይሉ ነበር። ከትዳራቸው ኢስበር፣ ሰልማና ሂንድ ተወልደዋል።

ቤታቸው ሬዲዮ ሲገባ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ኡስታዝ ነሲብ ለብቻቸው፣ እዚያው እየፈጠሩ ኡድ የሚጫወቱበት ሰዓት ነበር። ሐሙስ ሲሆን ሬዲዮው ይታመማል። አንድ ሳምንት ገመዱ ይላላል፤ በሌላ ሳምንት መዓለም ወዲዕ ውስጡን ለማጽዳት ፈትተውት ይገኛል። ወይዘሮ አፊፋ አንድ ቀን ብሎኑን ከእጃቸው ቀምተው ጠየቋቸው።

«ሬዲዮው ምን አደረገህ?»

«ነሲብ ውስጡ አለ» አሉ መዓለም ወዲዕ።

በ1966 የጸደይ ወቅት ኡስታዝ ነሲብ ኡዳቸውን ይዘው ወደ ሱቁ መጡ። የጣት ገበታው ሁለት ጊዜ ተልጎ ሳስቷል፤ ክሩም ይጮሃል። በሙያው ልማድ የተነቀለ ገበታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመለሳል። አይጣልም፣ ለሌላ ሥራም አይውልም። የተጫዋቹ ዕድሜ ያለው እዚያ ላይ ነውና በቤቱ ያስቀምጠዋል። መዓለም ወዲዕ ለሁሉም ደንበኛ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሙጫውን በእንፋሎት አላልተው ገበታውን ከነቀሉ በኋላ ብርሃን ላይ ይዘውት ቆሙ። ከመስተዋቱ ዘመን ጀምሮ ሊያዩት የፈለጉት ነገር በእጃቸው ነበር። ሲካ የምትባለው፣ በከፍታና በዝቅታ መካከል የምታርፈው ድምፅ፣ ሁሉም ተጫዋች ከሚይዛት ቦታ በፀጉር ያህል ዝቅ ብላ ተቆፍራለች። ከእሷ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለ፤ ጣቱ ሳይነሳ የሚንሸራተትበት ነው። ፈታኞቹ በነሲብ ውስጥ ሰምተው በእሳቸው ውስጥ ያጡት ነገር ይኸው በዚህ ጥቁር እንጨት ላይ ተጽፏል።

ኡስታዝ ነሲብ ኡዳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አሮጌውን ገበታ ጠየቁ። መዓለም ወዲዕ ሲነቅሉት እንደተሰነጠቀና ምድጃ ውስጥ እንደገባ ነገሯቸው።

«አቡ ዘኪ ካስተማሩኝ ጀምሮ ያለውን ዕድሜዬን» አሉ ኡስታዝ ነሲብ፣ «ሻይ አፈላህበት?»

«ጥሩ ይነዳል» አሉ መዓለም ወዲዕ።

ኡስታዝ ነሲብ ስቀው ሄዱ። አመኗቸው፤ ሙያተኛ በዚህ ነገር ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው በከተማው አልነበረም።

የአንድ ኡድ ገበታ ሌላ ኡድ ላይ እንዲሁ አይለጠፍም። የክሩ ርዝመት በጥቂት እንኳ ከተለየ ጉድጓዶቹ ሁሉ ከድምፃቸው ይስታሉ። ስለዚህ መዓለም ወዲዕ ለገበታው የሚሆን ኡድ ለመሥራት ተነሡ። የነሲብን ኡድ ልክ በአእምሯቸው ይዘውታል። ለሆዱ ከከተማው ዙሪያ ካለው ከጉታ አትክልት ስፍራ የተቆረጠ፣ አባታቸው ለዓመታት ያደረቁትን የዋልነት እንጨት አወጡ። ለፊቱ የሚሆነውን ስስ ጣውላ እያንኳኩ ብዙ ጥለው አንዱን መረጡ። ያንን ክረምት የሌሎችን ሥራ እያዘገዩ እሱን ብቻ ሠሩ። ሲያልቅ ያዩት ባለሙያዎች ሁሉ መዓለም ወዲዕ በዘመናቸው ከሠሩት የሚበልጥ መሆኑን መስክረዋል። ሊገዙት የመጡ ነበሩ፤ አልሸጡትም። የሚያህለው ኡድ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከእጃቸው አልወጣም። ያ ሁሉ ጥበብ የፈሰሰው የሌላ ሰው ገበታ እንዲያርፍበት ነበር።

ቀትር ላይ ሱቆች ሲዘጉ በሩን ገርበብ አድርገው ይጫወቱበት ነበር። ጣታቸውን ነሲብ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ በቦዩ ያንሸራትታሉ። የተመኟት ድምፅ ታዘዘችላቸው። አንድ ቀን ወይዘሮ አፊፋ ምሳ፣ ምስርና ቡልጉር የሚባለውን የስንዴ ክክ፣ ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ገብተው ዙሪያውን እያዩ፣ ለሱቁም ሬዲዮ ገዛህ እንዴ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ አይደለም፣ ነሲብን ለምን ያጫውቱታል አሉ። መዓለም ወዲዕ ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ምሳውን ግን ሳይነኩት መለሱት። የሚወዷት ሴት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ሰማቻቸው፤ የሰማችው ግን እሳቸውን አልነበረም።

ኡስታዝ ነሲብ በበኩላቸው በአዲሱ ገበታ ላይ ጠፍተው ከረሙ። ጣታቸው የለመደውን ጎድጓዳ ሲፈልግ ልሙጥ እንጨት ያገኛል። የሐሙሱ ሰዓት ለሌላ ተጫዋች ተሰጠ። እሳቸው ከጓዱ ጋር ብቻ፣ ከኋላ ወንበር ሆነው ይጫወቱ ጀመር። ወደ ሱቁ እየተመላለሱ ገበታው ዲዳ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። መዓለም ወዲዕም ሳይሰለቹ ይፍቁላቸዋል፣ ያለሰልሱላቸዋል፣ አንድ ጊዜም እንደገና ነቅለው በሌላ ዞጲ ለውጠውላቸዋል። ለድካማቸው የተቀበሉት ነገር አልነበረም። ሠፈሩ ይህን እንደ ታላቅ ወዳጅነት ቆጠረው። በዚያ ዓመት መዓለም ወዲዕ ሬዲዮውን ሐሙስ ሐሙስ ሳይፈቱት ዋሉ፤ ወይዘሮ አፊፋ ግን መክፈት ትተው ነበር።

ደስታቸው አልዘለቀም። ኡስታዝ ነሲብ በልሙጡ እንጨት ላይ ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ አገኙ። አጨዋወታቸው ዝግ አለ፣ ጠለቀ፤ የድሮውን ቦይ ረስተው ድምፆቹን በዝምታ እየለዩ ማስቀመጥ ጀመሩ። በ1970ዎቹ ስማቸው ከባግዳድ እስከ ቱኒስ የተሰማው በዚህ አዲሱ አጨዋወት ነው። መዓለም ወዲዕ ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ የያዙት ምን እንደሆነ ገባቸው። የእሳቸው የሆነው የ1966ቱ ነሲብ ነው። ሰውየው ግን እዚያ አልቆዩላቸውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራና የልጆች ዓመታት ናቸው። ኢስበር መሐንዲስ ሆነ። ሰልማ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሂንድ በሆምስ ከተማ ትዳር ይዛለች። መዓለም ወዲዕ የሠሯቸው ገበታዎች ዛሬም በብዙ ሰው ጣት ሥር ናቸው። ቀትር ላይ በሩን ገርበብ የማድረግ ልማዳቸው ግን አልቀረም። ያንን ኡድ ሌላ ሰው እጅ እንዲነካው ፈጽሞ አይፈቅዱም ነበር።

በ2003 ኡስታዝ ነሲብ በድንገተኛ ሕመም ግራ እጃቸው ደከመ። ሲሻላቸው በልጃቸው በለምያ ክንድ ተደግፈው ወደ ሱቁ መጡ። የጣቶቻቸው ኃይል ተመልሷል፤ ቦታቸውን ግን ረስተዋል። ሐኪሞቹ ልምምድ ይመልሰዋል ብለዋል። እሳቸው የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። አዲስ ገበታ ተሠርቶላቸው፣ በመፋቂያ ጎድጓዶች እንዲወጡለት፤ በወጣትነታቸው የነበሩት ጉድጓዶች በቦታቸው እንዲቆፈሩ ጠየቁ። ጣቴ ቤቷን ካገኘች ትገባለች አሉ። የድሮውን ገበታ አንድ ቀን እንኳ አይተኸዋል፣ የአንተ ዓይን ደግሞ አይረሳም፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሰዋለህ አሏቸው።

መዓለም ወዲዕ እሺ አሉ። ጥሩ ዞጲ መርጠው ላጉ፤ ጉድጓዶቹን ለመቆፈር መፋቂያ አነሱ። እያንዳንዷን በቃላቸው ያውቋታል፤ አስመስለው ቢሠሩት ማንም አያውቅባቸውም። ኡስታዝ ነሲብ አመስግነው ይወስዱታል፣ እውነተኛው ገበታም ሱቃቸው ውስጥ ይቀራል። መፋቂያውን ይዘው ብዙ ከተቀመጡ በኋላ አስቀምጠውት ወደ ቤት ሄዱ። ለወይዘሮ አፊፋ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ ብለው ጀመሩ።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አፊፋ። «የዞጲ ፍቅፋቂ እንኳ በከረጢት የምታስቀምጥ ሰውዬ፣ ሙሉ ገበታ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ ስትል እኔ ልመን?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ። ይኸው እኮ አርጅተን ቁጭ አልን። አሁን ተነስና ውሰድለት።»

በማግስቱ ኡዱን በከረጢቱ ይዘው ወደ ኡስታዝ ነሲብ ቤት ሄዱ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ እንደቆሙና የመጀመሪያው መቆማቸው በድካም እንዳልነበር ለሰልማ ነግረዋታል። ኡስታዝ ነሲብን ማጣት አልፈሩም። የፈሩት መታወቅን ነው። በዚህ ከተማ ስማቸው የቆመው በታማኝ እጅ ላይ ነበርና።

ኡስታዝ ነሲብ ኡዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከሆዱ እስከ ራሱ አዩት። ስለ ገበታው ገና አላወቁም። እንዲህ ያለ ኡድ በእጅህ እያለ ለእኔ ለምን ሠርተህልኝ አታውቅም ብለው ተቆጡ። ከዚያ የግራ እጃቸውን አሳረፉ። ጣቶቻቸው እየተደናበሩ ወረዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ መደናበሩ ቆመ። ለምያ ትመሰክራለች፤ አባቷ ለረጅም ጊዜ ክር ሳይመቱ ጣታቸውን እዚያው አድርገው ተቀመጡ። መዓለም ወዲዕ ከነሲብ የሚወርድባቸውን ስድብ ሁሉ አስቀድመው ለራሳቸው ሰድበው ጨርሰው ነበር። ስድቡ አልመጣም። ኡስታዝ ነሲብ አንገታቸውን አቀርቅረው ጣታቸውን እንደገና አነሱና አስቀመጡ፤ አነሱና አስቀመጡ።

«እዚህ ከእኔ ሌላ ሰው ገብቷል» አሉ በመጨረሻ።

መዓለም ወዲዕ አልገባቸውም። ኡስታዝ ነሲብ እጃቸውን ይዘው አውራ ጣታቸውን ገበታው ላይ አስነኳቸው። የነሲብ ሲካ ከተቆፈረችበት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሰፋ ያለች ሌላ ጎድጓዳ ነበረች። ዞጲውን ዕድሜ ልካቸውን በአውራ ጣት ሲያነብቡ የኖሩት ሰው ይህችን አንድ ቀን አላወቋትም። በቀትር ዕረፍታቸው ሁሉ በነሲብ ቦታ እያረፉ መስሏቸው ነበር። ወፍራሙ ጣታቸው ግን ከቆይታ ብዛት የራሱን ቆፍሯል።

ኡስታዝ ነሲብ ጣታቸውን እዚያች ላይ አድርገው ክሩን መቱ። ደግመው መቱ። ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

«ይህችን ድምፅ ከየት አመጣሃት?»

«እኔ እንጃ።»

«ወዲዕ፣ አትቀልድብኝ። ስፈልጋት ነው የኖርኩት።»

መዓለም ወዲዕ ኋላ ሲናገሩ፣ በዚያች ሰዓት በነሲብ ዓይን ውስጥ ያዩትን ነገር ከማንም በላይ ያውቁት ነበር፤ በየቀኑ መስተዋት ውስጥ የሚያዩት ነው። ኡስታዝ ነሲብ ኡዱን ወደ ደረታቸው ስበው እስከ እሑድ እዚህ ይቆይ አሉ። መዓለም ወዲዕ እጃቸውን ዘረጉ። ኡስታዝ ነሲብ ገበታው የእኔ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ገበታው ያንተ ነው» አሉ መዓለም ወዲዕ። «ቦታዋ ግን የእኔ ናት።»

ስለ ስርቆቱ ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው አልተወራም። የተወራው ስለ ተራ ነው። ኡዱ አንድ ሳምንት ከአንዱ፣ አንድ ሳምንት ከሌላው ዘንድ እንዲሰነብት ተስማሙ። ስምምነቱ ያለ ጠብ ያለፈበት ሳምንት ግን የለም። አንዱ ክሩን አላልቶ ላከው ይላል፤ ሌላው በላብ አጨማለቀው ብሎ ይመልሳል። በታክሲ የሚያመላልሱት ሰልማና ለምያ ነበሩ፤ መልእክቱን ግን እንዳለ አያደርሱትም። የኡስታዝ ነሲብ እጅ በዚህ መካከል ዳነ። አንዳንዱ ሰው በልምምድ ነው ይላል።

በ2006 በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በተደረገው የበዓል ዝግጅት መዓለም ወዲዕ ከሬዲዮው ፈተና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተጫወቱ። የሚያውቃቸው ሁሉ ፀጥ ብሎ አዳመጠ። የማንን አጨዋወት እንደሚመስል የተናገረ አልነበረም። ኡስታዝ ነሲብ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ወይዘሮ አፊፋ ዘንበል ብለው፣ ቦታዋን አይቼ የነገርኩት እኔ ነኝ አሏቸው። በማግስቱ ለምያ አባቷ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ብላ ለሰልማ ነገረቻት። መዓለም ወዲዕ ይህን ሲሰሙ ሁለተኛ እንዲነገራቸው ጠየቁ።

በ2008 መጨረሻ ለዘመናት የተነፈሱት የዞጲ ብናኝ በሳንባቸው ላይ ሕመም ሆኖ ወጣ። ወደ ሆስፒታል እየተመላለሱ ታከሙ፤ ልጆቻቸው አጠገባቸው አልጠፉም። ሲጠናባቸው በቤታቸው መሆንን መረጡ። ኡስታዝ ነሲብ በየዕለቱ ይመጡ ነበር። ተራው የማንም ይሁን የማን፣ ኡዱን ይዘውት መጥተው ከአልጋው ግርጌ ያቆሙታል። መጫወት ያቃታቸው መዓለም ወዲዕ ሌላው ሲጫወት መስማትም አልፈለጉም፤ ስለዚህ ኡዱ ዝም ብሎ ይቆም ነበር። በመጨረሻው ሳምንት በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ኡስታዝ ነሲብን አቀረቧቸው።

«ከእኔ በኋላ ገበታውን እንዳታስልገው» አሏቸው።

«ክሩ መጮህ ሲጀምርስ?»

«ይጩህ።»

ያ ገበታ ካልተላገ ኡዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያጫውት አይሆንም፤ ከተላገ ደግሞ የሁለቱም ቦታ ይጠፋል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ኡስታዝ ነሲብ እጃቸውን በመዓለም ወዲዕ እጅ ላይ አድርገው፣ አላስልግም፣ ማንም ባለሙያ ፒያላ እንዲያነሳበት አልፈቅድም ብለው ቃል ገቡላቸው። መዓለም ወዲዕም፣ ማል፣ አንተን አላምንህም አሉ። ኡስታዝ ነሲብ ማሉ።

መዓለም ወዲዕ ፈርኩህ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2009፣ ረቡዕ ማለዳ፣ በቤታቸው በልጆቻቸው መካከል አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አፊፋን፣ ልጆቻቸውን ኢስበርን፣ ሰልማንና ሂንድን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከሰው ሁሉ አብልጠው የቀኑባቸውን ወዳጃቸውን ኡስታዝ ነሲብ ቆዝማን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቋቸው፣ ዛሬም ለሸኟቸው ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ጸሎት፣ ነፍሳቸውን ቅናት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን የሚል ነበር። ትናንት ለወይዘሮ አፊፋ ሲነበብላቸው፣ «እዚያ ወዲዕ ምን ሊሠራ?» ብለው አስወጡት። እንግዲህ እግዚአብሔር የመዓለም ወዲዕን ነፍስ ከነጠባያቸው ይቀበልልን። አሜን።